ዛሬ ማታ ምን እንይ? ለወሎ ሳሎኖች የፊልምና የተከታታይ ድራማ መምረጫ

«ጥሩ ነገር ጠቁሙን» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ በደፈናው አይመለስም። ሾገንን ዶርም ውስጥ በላፕቶፕ ያየ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እንደሱ ያለ አልተሠራም» ብሎ ይምላል። ያንኑ ድራማ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና በሚፈላበት ሳሎን የከፈተ ሰው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ሪሞቱን ይነጠቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አብዛኛው ንግግር ጃፓንኛ ስለሆነ ድራማው ካልተነበበ አይገባም፤ ቡና የምትቆላ ሴት ዓይኗ ምጣዱ ላይ እንጂ ሰብታይትሉ ላይ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው በዝና ወይም በሽልማት ብዛት አይደለም። ስንት ሰዓት ይፈጃል? በጆሮ ብቻ መከታተል ይቻላል ወይስ ዓይን ካልተተከለበት አይሆንም? ከማን ጋር ተቀምጦ ይታያል? መብራት ቢሄድ ወይም ዳታ ቢያልቅ ምን ይጎድላል? እነዚህን የመለሰ ሰው «ማን ስንት ኦስካር አገኘ» የሚለውን ወሬ ብዙም አይፈልገውም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ

የክፍል ብዛት ያታልላል። አዶለሰንስ 4 ክፍል ነው፤ ተደምሮ 4 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቼርኖቤል 5 ክፍል ሆኖ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። ሾገን 10 ክፍል ነው፣ ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። ስኩዊድ ጌም በሦስቱ ሲዝን 9፣ 7 እና 6፣ በድምሩ 22 ክፍል አለው። ብሬኪንግ ባድ 62፣ ጌም ኦፍ ትሮንስ 73 ነው።

የቱርክ ድራማ ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ቱርክ ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀርብ ክፍል 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለውጭ ጣቢያ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ይቆራረጣል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያስተዋወቀን «ጥቁር ፍቅር» በሀገሩ 54 ክፍል ብቻ ነበር፤ ተቆራርጦ ከ100 በላይ የሆነው ለዚህ ነው። ኤርቱግሩል በ5 ሲዝን 150 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ወደ 2 ሰዓት ስለሚሄድ 300 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን አንድ ሰዓት የሚያይ ሰው አሥር ወር ይፈጅበታል።

ርዝመት ሁሉ ጉድለት ነው ማለት አይደለም። ረጅሙ ድራማ የተሠራው ሰው እያመለጠው እንዲያይ ነው፦ ትናንት የተባለው ዛሬ በሌላ ሰው አፍ ይደገማል፣ አንድ ምስጢር ለአምስት ሰው በአምስት ክፍል ይነገራል። ፒያሳ ሱቁን ዘግቶ ማታ አንዴ 2 ሰዓት፣ አንዴ 4 ሰዓት ለሚገባ ሰው ይህ ይመቸዋል፤ ሦስት ክፍል ዘሎ ቢቀመጥም ክሩ አይጠፋበትም። አጫጭሮቹ ግን አይደግሙም። ቼርኖቤል ላይ አሥር ደቂቃ ስልክ ያነሳ ሰው የፍርድ ቤቱን ክፍል አይረዳውም። ፈተና የደረሰበት ተማሪ «ትንሽ ልይና ልተኛ» ብሎ ረጅሙን ሲጀምር ነው ነገር የሚበላሸው። ለፈተና ሳምንት ነጠላ ፊልም ይሻላል፤ ቢያንስ መጨረሻ አለው።

በረመዳን ለሚታይ ነገር የአረብኛ ድራማዎች ልካቸው የታወቀ ነው። ለአንድ ወር ማታ ማታ እንዲበቁ ብዙዎቹ 30 ክፍል ሆነው ይሠራሉ፤ የቅርቦቹ ውስጥ 15 ክፍል የሆኑም አሉ። ከተራዊህ በኋላ አንድ ክፍል ለሚያይ ቤት ከ150 ክፍሉ ይልቅ ይሄ ይስማማዋል።

ትርጉም ወይስ ሰብታይትል

እዚህ ላይ «እውነተኛ ተመልካች ትርጉም አያይም» የሚሉ ወጣቶች አሉ። አንስማማም። በአማርኛ ድምፅ የተሠራ ድራማ በጆሮ ይታያል፦ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ክፍል ያልቃል፤ ጀበናውን የያዘችው፣ ሕፃን የምታጠባው፣ መነጽራቸውን ያጡት አያት፣ ሁሉም ታሪኩ ውስጥ ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ አብሮ የሚያየው ይህን ብቻ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ዋጋውም ግን አለ። ድምፁ ከአፉ እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥም ዓረፍተ ነገሩ ይጨመቃል ወይም ይለጠጣል፤ ቁጡውም አልቃሻውም ባንድ ዓይነት የስቱዲዮ ድምፅ ያወራል፤ የተዋናዩ ሹክሹክታ ከነሙሉ ስሜቱ አይመጣም።

ሰብታይትል ደግሞ የንባብ ፍጥነት ይጠይቃል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በአንድ መስመር እስከ 42 ፊደል፣ በሁለት መስመር ተደርድሮ ቢበዛ 7 ሰከንድ ይቆያል፤ ፈጣን ንግግር ላይ ሁለት ሰከንድም አይቆይ። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ ሰው እንኳ በትንሽ ስልክ ላይ ፊቱንም ጽሑፉንም ባንዴ አይይዝም። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከሁለት ሜትር ተኩል ያለፈ ርቀት ከተቀመጣችሁም ችግሩ ያው ነው፤ ሶፋውን ማስጠጋት ይቀላል።

ስኩዊድ ጌምን በኔትፍሊክስ የምታዩ አንድ ነገር አስተውሉ። የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉ ሁለት ነው። «ሲሲ» የሚል የተጨመረበት ለእንግሊዝኛው ድምፅ የተጻፈ ነው፣ ያ ደግሞ ከንፈር እንዲገጥም ተብሎ የተቀያየረ ንግግር ነው። ድምፁን ኮሪያኛ አድርጋችሁ «ሲሲ» የሌለበትን እንግሊዝኛ ምረጡ፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚሉት ነገር ይጠራል።

አዶለሰንስ እንግሊዝኛ ቢሆንም የሰሜን እንግሊዝ አነጋገር ነው። ፊልም በማየት እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ጆሮው ላይ ግማሹ ያመልጠዋል፤ ሳታፍሩ ጽሑፉን ክፈቱ።

ታሪካዊ ለሚወድ፦ ኤርቱግሩል ወይስ ሾገን

ሁለቱም የሰይፍ ዘመን ናቸው፣ ሁለቱም ስለ ሥልጣንና ታማኝነት ያወራሉ፣ የሚያስደስቱት ተመልካች ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ኤርቱግሩል ግልጽ ነው። ጥሩው ጥሩ፣ ከሃዲው ከሃዲ ነው፤ በየክፍሉ ውጊያ አለ፣ በየክፍሉ ምክር የሚሰጥ ሽማግሌ አለ፣ ሶላትና ዱዓ የታሪኩ አካል ናቸው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በሙስሊም ቤቶች ይህን ያህል የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ጀግናው ሲጸልይ የሚታይበት የጦርነት ድራማ ከዚያ በፊት ሳሎናችን አልገባም ነበር። ምርጦቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች ናቸው። ከሦስተኛው ጀምሮ አንድ ጠላት ይሞታል፣ ሌላው በተራው ይተካል፣ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ከሃዲ ይገኛል፣ እንደገና ከ«ሀ»። በታሪክ መጽሐፍ ቦታ ግን አታስቀምጡት፤ ስለ እውነተኛው ኤርቱግሩል ተጽፎ የቀረው በጣም ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው።

ሾገን እ.ኤ.አ. በ1600 ጃፓን ውስጥ ይጀምራል። ጦርነት ይመጣል ይመጣል እየተባለ ውጊያው በንግግር፣ በዝምታና በሻይ ሥርዓት ይካሄዳል። ሰው የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው፦ አሥሩን ክፍል «ታላቁ ጦርነት መቼ ነው» ብሎ የጠበቀ ሰው ጦርነቱን አያይም። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ግን ዘጠነኛው ክፍል ላይ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ «እወጣለሁ» ከማለት ሌላ የማትለውን ትዕይንት ከየትኛውም ውጊያ በላይ ልቡ ተሰቅሎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ሲዝን ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት 18 ጊዜ ወስዷል፣ እስከዚያ ያን ያህል የወሰደ አልነበረም። ሲጀመር የስም ብዛት ያደናግራል፤ ቶራናጋ፣ ኢሺዶ፣ ያቡሺጌ፣ ማሪኮ የሚሉትን አራቱን ብቻ ያዙ፣ ሌላው በራሱ ይገባል።

ከልጆችና ከሽማግሌ ጋር ከሆነ ኤርቱግሩል። ሾገን የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰው በቁሙ ሲቀቀል ያሰማል፣ የአልጋ ትዕይንቶችም አሉት። የቱርክ ድራማ በጥቅሉ ለሳሎን የሚመቸው ሌላም ምክንያት አለ፦ በቱርክ የብሮድካስት ሕግ መጠጥና ሲጋራ ይደበዝዛል፣ መሳሳሙም ልክ አለው። ብርጭቆው ላይ ጭጋግ ሲያርፍ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብለው የሚነካኩ አሉ፤ አብሽሩ፣ እንደዚያው ነው የተላከው።

አጫጭሮቹ

የቅርብ ጊዜ ሥራዎችን አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል አዶለሰንስን እናስቀድማለን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣ ነው። የ13 ዓመት ልጅ አብራው የምትማር ልጅ ገድሏል ተብሎ ፖሊስ ጎሕ ሲቀድ በር ሰብሮ ይገባል። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴም ሳይቋረጥ የተቀረጸ ነው። ይህ ለጉራ የተደረገ አይደለም፤ ተመልካቹ እንደ አባትየው መውጫ ያጣል። ሁለተኛው ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ መርማሪው ፖሊስ የልጆቹን የኢንስታግራም ምልክቶች ሊያነብ አቅቶት የገዛ ልጁ ሲያስረዳው የሚታየውን ስልክ ለልጁ የገዛ ወላጅ ሁሉ ቢያየው አይከፋም። ሦስተኛው ክፍል በአብዛኛው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፤ እሷ ያመጣችለትን ግማሽ ሳንድዊች እዩት፣ ሙሉው ፍልሚያ እሱ ላይ አለ። አንዱን ክፍል መሃል ላይ አታቋርጡት። መብራት የሚሄድበት ሰዓት ከታወቀ ከዚያ በፊት ጨርሱ፤ እያንዳንዱ ከ50 እስከ 65 ደቂቃ ነው። «ማን ገደለ» የሚለውን ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆነውም፣ መልሱ ገና መጀመሪያው ክፍል ላይ ያልቃል።

ቼርኖቤል ትንሽ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. የ2019 ነው፤ ግን ወሎ ውስጥ ሲታይ ሌላ ቦታ ላይ የሌለው ክብደት አለው። ድራማው ስለ ኒውክሌር የሚያወራ ይመስላል እንጂ የሚያወራው አደጋን ስለሚደብቅ መንግሥት ነው። የጨረር መለኪያው 3.6 አሳየ፣ ሹማምንቱም «ከባድ አይደለም» አሉ፤ መለኪያው ከዚያ በላይ መቁጠር ስለማይችል ነበር 3.6 ላይ የቆመው። የ1965ና የ66ቱን የወሎ ረሃብ ከወላጆቹ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ያ ረሃብ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ባቀረበው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም ለዓለም ታየ። እዚህ ሀገር ደግሞ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ኮረም የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ወጣ። ቼርኖቤልን ከአያቶች ጋር ያየ ቤት ውስጥ ወሬው ወደዚያ መዞሩ አይቀርም፣ ቢዞርም ጥሩ ነው።

ሙሉ በሙሉ ታሪክ አድርጋችሁ ግን አትውሰዱት፦ ኡላና ኮምዩክ የምትባለው ሳይንቲስት ብዙ ሰዎችን ለመወከል የተፈጠረች ናት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭም በእውነቱ ፍርድ ቤቱ ላይ አልነበረም። ሦስተኛው ክፍል ላይ የተቃጠሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገላና ራቁታቸውን የሚቆፍሩ ማዕድን አውጪዎች፣ አራተኛው ላይ ውሾች ሲገደሉ ስለሚታዩ ልጆች ይተኙ።

ስኩዊድ ጌም ላይ ምክራችን አጭር ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን እዩና ብትፈልጉ እዚያው አቁሙ፤ ብቻውን የተሟላ ነው፣ ስድስተኛው ክፍል፣ የብይ ጨዋታው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለተኛውን ከጀመራችሁ ሦስተኛውን አዘጋጁ፣ ሁለተኛው አመፁ መሃል ላይ ይቆረጣልና። ሁለቱ በኋላ የመጡት ሲዝኖች እንደገና ድምፅ በመስጠትና በመከራከር ይንቀራፈፋሉ። አደገኛው ነገር ውጫዊ መልኩ የልጆች መሆኑ ነው። መሬት ላይ ሥዕል ተስሎ የሚዘለለው ሰኞ ማክሰኞን የለመደ ልጅ ከመስኮት ቢያየው «የኛ ጨዋታ» ብሎ ይገባል፤ ይዘቱ ግን ሰው በጥይት የሚረሸንበት ነው።

ነጠላ ፊልም ለሚፈልግ

ኦፐንሃይመር 3 ሰዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጥ ፊልምን ጨምሮ 7 ኦስካር ወስዷል። ቀለም ያለው በኦፐንሃይመር ዓይን፣ ጥቁርና ነጩ በባላንጣው በስትራውስ ዓይን መሆኑን ሳያውቅ የገባ ሰው ጊዜው ሲዘል ይጠፋበታል። ሳሎን ውስጥ ከታየ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የሚል ጥያቄ በየአምስት ደቂቃው ይመጣል፣ እትዬም አይፈረድባቸውም፣ ስሙ በዝቷል። የራቁት ትዕይንትም አለው። ለብቻ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ የቦምቡ ሙከራ ላይ ድምፁ ከብርሃኑ ዘግይቶ እስኪደርስ ያለውን ጸጥታ ለመስማት ይታይ። ለሁለት ማታ መክፈል ካስፈለገ ከሙከራው በኋላ ቁረጡት። የመጨረሻው ሰዓት የችሎት ፊልም ነው ማለት ይቻላል።

ዱን ክፍል ሁለት ከኦፐንሃይመር ይልቅ ለብዙ ሰው ይቀላል፣ የመጀመሪያውን ክፍል ላየ ብቻ። ሁለቱ ተደምረው 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ናቸው። ቁርኣን ቤት ያደገ የወሎ ልጅ «ማህዲ»፣ «ሊሳን» ሲባል ጆሮው ይቆማል። አንዳንዱ ስድብ ነው ብሎ ይዘጋዋል፤ እኛ እንደምናየው ግን ፊልሙ የሚተቸው ሃይማኖትን ሳይሆን በሰው እምነት ነግዶ የሚነግሥን ሰው ነው፣ ያም እስከ መጨረሻው ካልታየ አይገባም። መሃል ላይ በተመልካች ፊት የሚደረገው የፍልሚያ ትርኢት ጥቁርና ነጭ ሲሆን ገመዱን አትነቅንቁ፣ ሆን ተብሎ ነው።

ኮንክሌቭ 2 ሰዓት ነው፤ የካቶሊክ ካርዲናሎች አዲስ የሮማ ጳጳስ ለመምረጥ ተዘግቶባቸው ድምፅ ሲሰጡ የሚያሳይ፣ ደምም አልጋም የሌለበት፣ ግን ልብ ሰቃይ ነው። ከካህንም ከሼህም ጋር ይታያል ልንል ነበር፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግን ብዙ አማኝ ተመልካች የሚቀየምበት ነገር ስላላቸው አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው እ.ኤ.አ. በ1972 አንዲስ ተራራ ላይ የወደቀው አውሮፕላን ታሪክ ነው፤ ውስጡ ከነበሩት 45 ሰዎች 16ቱ ከ72 ቀን በኋላ ተረፉ። የሞተ ጓደኛ ሥጋ የመብላቱን ነገር በክብር ይዞታል፤ ምግብ እየበላችሁ ግን አትክፈቱት።

ከሀገር ውስጥ

ቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሰው ለሰውን ያቆየው አስናቀ ነበር፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ የሚደክሙት ልኩ ያለው ክፉ ሰው ስለማይጽፉ ነው፤ ክፉው ይጮኻል፣ ጥሩዋ ታለቅሳለች። ሙዚቃውም ያሳብቃል። ማሲንቆ በትዝታ ከገባ ለቅሶ መጣ ማለት ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉ ቅኝቶች ያሏት ሀገር ይህን ያህል በአንዱ ላይ ብቻ መንጠልጠሏ ይገርማል። አዲስ ድራማ ስትመርጡ ሦስተኛውን ክፍል እዩ፦ መጀመሪያው ላይ ሁሉም ይለፋል፤ ሦስተኛው ላይ ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያለፈውን ብቻ ለአሥር ደቂቃ ካወሩ አይቀጥልም።

ፊልም ላይ ሦስት አማራጭ እናቅርብ። ጤዛ የኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. የ2008፣ በዓመቱ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታላቁን ሽልማት ያገኘ ነው፤ ከውጭ ተምሮ ስለተመለሰ ሰውና ስለ ደርግ ዘመን ነው፣ ከ2 ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል። ዘመኑን ከኖሩ አባት ጋር ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ግማሹን እሳቸው ያስረዳሉ። ላምብ የያሬድ ዘለቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ እናቱ በረሃብ ሞታበት ዘመድ ጋ የተላከ ልጅና በጉ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን 94 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ልጆችም ያዩታል። ልጁ ወጥ ቤት ገብቶ ሲያበስል አጎቱ የሚቆጣበትን ትዕይንት ቤታችሁ ውስጥ ማን እንደሚስቅበት አስተውሉ። ድፍረት በጠለፋ ላይ የተመሠረተ እውነተኛ የችሎት ጉዳይ ነው፤ ከሦስቱ ታሪኩ በቀጥታ የሚሄደው እሱ ስለሆነ ቡና ላይ ለመክፈት የተሻለው ነው። ከጤዛ ጋር ሲነጻጸር በሥነ ጥበቡ ያንሳል፣ በሚያስነሳው ክርክር ግን አያንስም።

ዳታ፣ ፍላሽና ዲሽ

ኔትፍሊክስ በስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሴቭ ዳታ» ብታደርጉት 1 ጊጋ 6 ሰዓት ገደማ ያሳያል፤ አውቶማቲክ ከሆነ 4 ሰዓት ገደማ፤ «ማክሲማይዝ» ላይ ከተረሳ ግን ያው 1 ጊጋ በ20 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። አዶለሰንስን ሙሉውን በ1 ጊጋ ማየትና ሩብ ሳያዩ ጥቅሉን መጨረስ የሚለያዩት በዚህች አንዲት ምልክት ነው። ሌሊት ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ማውረድ ይሻላል፤ አፑ ያወረደው ግን እዚያው ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም።

በፍላሽ ለሚያይ ሰው የሚገጥሙት ችግሮች ጥቂት ናቸው፣ መልሳቸውም የታወቀ ነው። ትልቅ ፊልም ሲገለበጥ «ቦታ የለም» የሚል ከመጣና ፍላሹ ባዶ ከሆነ፣ የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፣ ኤክስፋት የሚባለውን ሌላ ፎርማት ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች አያነቡም። ድምፅ እያለ ምስል ከሌለ ፊልሙ ቴሌቪዥኑ በማያውቀው ኤችኢቪሲ በሚባል ዘዴ የተጨመቀ ነው፤ ምስል እያለ ድምፅ ከሌለ ድምፁ ዲቲኤስ የሚባል ቴሌቪዥኑ የማይከፍተው ዓይነት ነው። ሁለቱንም ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ይከፍታቸዋል፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት ነው።

ሰብታይትሉ ከፊልሙ ጋር ካልገጠመ ሁለት ዓይነት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከቀደመ ቪኤልሲ ላይ «ኤች»ን፣ ከዘገየ «ጂ»ን እየነካችሁ አስተካክሉ፤ አንዱ ንክኪ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሲጀምር ገጥሞ እየቆየ ከራቀ ግን በቁልፍ አይስተካከልም፦ ጽሑፉ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ለሚሄድ ቅጂ፣ ፊልሙ ግን በ23.976 የተሠራ ነው ማለት ነው፣ በሰዓት ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይራራቃሉ። ሌላ ፋይል ፈልጉ። የሰብታይትሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ቴሌቪዥኑ አያወጣውም። የአማርኛ ጽሑፍ በሳጥን ሳጥን ከታየ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም፣ ፋይሉ አልተበላሸም።

ደሴ ላይ ሆኖ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው የኢትዮሳትን፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን፣ ከሰሜን በስተቀኝ 122 ዲግሪ ገደማ፣ ወደላይ 66 ዲግሪ ላይ ያገኘዋል። የተለመደው ሞላላ ዲሽ ግን ፊቱ ከሚያየው በላይ ስለሚቀበል 66 ላይ ሲሆን 42 ገደማ ያዘነበለ ይመስላል፤ ብዙ ሰው በጣም ቀና የሚያደርገው በዚህ ተታልሎ ነው። ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ 260 ዲግሪ ገደማ፣ ከፍታው 35 ብቻ ነው፤ ከጦሳ ግርጌ ምዕራቡ በባሕር ዛፍ የተጋረደበት ቤት የአረብኛውን ጣቢያ ሲያጣ ኢትዮሳት የሚደርሰው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ምስሉ ከጠፋ ዲሹን አትንኩት፣ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። አባርቶም ካልተመለሰ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው መቀበያ) ላይ የገባውን ገመድ ፍቱትና መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ እንደሆነ እዩ፤ ከሆነ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ እንደገና አስሩት፣ መጋጠሚያውንም በፕላስተር ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉት።